ኮሌጅሽና ሆስፒታሉ ፍርድ ቤት ናቸው፤ አንቺስ?

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ሲ-ዋን (የሆስፒታል ልምምድ የመጀመሪያው ዓመት) ላይ ነኝ። ኮሌጃችን ለገጣፎ አካባቢ ነው። ዋርድ የምንሠራበት የመንግሥት ሆስፒታል ከኮሌጁ ጋር በክፍያና በተማሪ ቁጥር ተጣልቶ በር ዘጋብን። ኮሌጁ ከሰሰ፣ እግድ አወጣ፣ አንድ ወር ገባን። ከዚያ እግዱ ተነሣና እንደገና ወጣን። ቤት ከተቀመጥን ሰባተኛ ሳምንታችን ነው። ዲን ቢሮ ‹ፍርድ ቤት የያዘው ነገር ነው፣ ታገሡ› ይለናል። ፋይናንስ ደግሞ የሴሚስተሩን ካልከፈላችሁ ስማችሁ ይሰረዛል ይላል። 58 ነን። የተማርነው ውኃ በላው ማለት ነው? እንክፈል ወይስ አንክፈል? እንክሰስ? በሕንድ እንዲህ ዓይነት ተማሪዎች ሌላ ኮሌጅ ተመደቡ ሲባል ሰምተናል፤ ለእኛስ አይሆንም?»

ሰላም ልጄ። «ታገሡ» ከምትለው ቃል ልነሣ። ጠበቃ ከመሆኔ በፊት የአንድ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ውስጥ ሠርቻለሁ። እኔም ያችን ቃል ለተማሪ ብዬ አውቃለሁ። ስለዚህ ምን ያህል እንደምትጎዳ ከሁለቱም ወገን አይቻታለሁ።

ዲኑ ዋሽተዋል አልልም። ጉዳዩ እውነትም ፍርድ ቤት ነው። ግን የማን ጉዳይ? መዝገቡን ብትከፍቺው ከሳሹ ኮሌጁ ነው፤ ተከሳሹ ሆስፒታሉ ነው። ክርክሩ ውሉን ማን አፈረሰ፣ ማን ለማን ስንት ይክፈል የሚል ነው። እናንተ 58ታችሁ «ተማሪዎቻችን እየተጉላሉ ነው» በምትል አንድ መስመር ውስጥ ትገኙ ይሆናል። ያቺ መስመር የተጻፈችው ኮሌጁ እግዱን እንዲያገኝ ነው። ዳኛ ደግሞ ያልተጠየቀውን አይፈርድም። «ልጆቹ ያመለጣቸውን ሳምንታት የት ያካክሱ?» ብሎ የጠየቀ ወገን ከሌለ፣ ፍርዱ ነገ ይውጣ የዛሬ 2 ዓመት፣ ለዚህ መልስ የለውም።

ኮሌጁ አሸነፈ እንበል። በእግድ የገባችሁበትን ያንን አንድ ወር አስታውሺ። ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች በሽተኞቹን እየዞሩ ሲያዩ፣ ስንት ሐኪም ጥያቄ ጠየቃችሁ? ስንቱስ ሎግቡካችሁን፣ የልምምድ መዝገባችሁን፣ ፈረመላችሁ? ፍርድ ቤት በር ያስከፍታል። አንድ ኮንሰልታንት (ከፍተኛ ስፔሻሊስት ሐኪም) በሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ «ነይ፣ እጅሽን እዚህ አድርጊ፣ ጉበቱ ይዳሰስሻል?» እንዲልሽ ግን ማዘዝ አይችልም። ስለዚህ የእናንተ ግብ ኮሌጁ መርታቱ አይደለም። ግባችሁ የቀረውን አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ፈቃደኛ በሆነ ሆስፒታል ውስጥ ጨርሳችሁ፣ ማህተም ያረፈበት ማስረጃ መያዝ ነው። ከዚህ በታች የምልሽን ሁሉ በዚህ መስፈርት መዝኚው።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። የተማርሽው ውኃ በላው ወይ?

እዚህ ላይ ሦስት ወረቀቶች ይምታታሉ። የመጀመሪያው የኮሌጁ እውቅና ነው። የሚሰጠው የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ነው። አሮጌ ፈቃድ ላይ «የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ» የሚል ስም ብታዪ አትደንግጪ፤ የዚሁ መሥሪያ ቤት የቀድሞ ስም ነው። እውቅና ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም። በፕሮግራም ነው፣ በካምፓስ ነው፣ በመደበኛና በማታም ይለያል። ከተማ መሃል ያለው ካምፓስ ለነርሲንግ ፈቃድ ስላለው ለገጣፎ ያለው ለሕክምና አለው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። በር ላይ የተሰቀለውን ባነር ሳይሆን ደብዳቤውን አንብቢ።

ሁለተኛው የሆስፒታሉ ውል ነው፤ ሰዉ የመግባቢያ ሰነድ ወይም ኤም ኦ ዩ የሚለው። ሦስተኛው ወደፊት የሚመጣው የሙያ ፈቃድ ነው፤ ከጤና ሚኒስቴር ምዘና በኋላ የሚገኘው።

እናንተ ጋ የተሰበረው ሁለተኛው ነው። ይህ ደግሞ ከሰማሽው የሕንድ ታሪክ ጋር ልዩነት አለው። ሕንድ ውስጥ አብዛኛው የግል ሕክምና ኮሌጅ በራሱ ስም ዲግሪ አይሰጥም። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ይተሳሰራል፤ ዲግሪውን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው። ከላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ብሔራዊ የሕክምና ኮሚሽን የሚባለው ፈቃጅ አለ። የዩኒቨርሲቲው ትስስር ከተበጠሰ ዲግሪው ራሱ አብሮ ይበጠሳል። ስለዚህ እዚያ ክርክሩ የሚሄደው ተማሪውን ወደ ሌላ ኮሌጅ ወደ ማዛወር ነው። ኔፓልም እንደዚያው። እንዲያውም ኔፓል ውስጥ ዶክተር ጎቪንዳ ኬሲ የሚባሉ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ባለሙያ አሉ፤ ይህ ትስስር ለግል ኮሌጆች በፖለቲካ እየታደለ ነው ብለው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ደጋግመው የረሃብ አድማ መቱ። በ2018 መጀመሪያ ላይ የአገሪቱን ዋና ዳኛ በመናገራቸው ችሎት ደፍረሃል ተብለው ታሰሩ። በ2019 የሕክምና ትምህርት ሕግ ወጣ። የአንድ ሰው ሆድ ስንት ጊዜ መራብ እንዳለበት ሳስብ ይገርመኛል።

የእኛ ቤት ሌላ ነው። የግል ኮሌጅ እውቅና ካለው ዲግሪውን የሚሰጠው ራሱ ነው። ሆስፒታሉ የመማሪያ ቦታ እንጂ የዲግሪው ባለቤት አይደለም። ስለዚህ ኮሌጁ ከሆስፒታል ጋር ስለተጣላ ብቻ ያለፉት ዓመታትሽ አይሰረዙም። የተመዘገብሽው ለዚያ ካምፓስ፣ ለዚያ ፕሮግራም የጸና ፈቃድ በነበረበት ጊዜ ከሆነ መሬትሽ ጠንካራ ነው። ዛሬ ማታ ሁለት ቀኖች አመሳክሪ፤ የእውቅናው ደብዳቤ የሚጸናበትን ጊዜና አንቺ የተመዘገብሽበትን ቀን።

ግን ሁለተኛው መሰበሩ ቀስ እያለ አንደኛውንም ይሰብራል። ሕክምና ያለ ሆስፒታል አይማሩትም፤ ባለስልጣኑም ይህን ያውቃል። አስተማማኝ የመለማመጃ ሆስፒታል የሌለው ፕሮግራም አዲስ ቅበላ ሊታገድበት፣ እድሳት ሊከለከል ይችላል። ፋይናንስ አሁን ከእናንተ ገንዘብ ለመሰብሰብ የሚቻኮለው ለምን እንደሆነ እዚህ ጋ ትንሽ ይገባሻል። ይህ የኔ ግምት ነው። ሬጅስትራር ውስጥ የሠራ ሰው ግምት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወረቀት።

የዛሬ ስንት ዓመት ነው፣ በምዕራብ በኩል ከከተማ ወጣ ብሎ የነበረ አንድ የጤና ኮሌጅ ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ መጡ። ሠላሳ ምናምን ይሆናሉ። ኮሌጁ ልምምድ የሚያደርጉበት ቦታ አጥቶ አራት ወር አስቀምጧቸዋል። እኔ ያኔ አዲስ ጠበቃ ነኝ፣ እጄ ይበላኛል። የከፈሉት ይመለስ፣ ኪሳራ ይካስ ብዬ ቆንጆ ክስ ጻፍኩ። አንቀጽ በአንቀጽ ላይ ደረደርኩ። ረታን። ከዚያ ፍርዱን ለማስፈጸም ስንሄድ ኮሌጁ ያለው ንብረት ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ነው። ሕንፃው ኪራይ ነው። እንደውም አከራዩ የስድስት ወር ኪራይ ቀርቶበት በሩን በትልቅ ቁልፍ ቆልፎ ሄዷል።

የተማሪዎቹ ፋይል ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከቁልፉ ውስጥ ነበር።

ለገንዘቡ ስከራከር ለፋይሉ አንድ ቃል አልጠየቅኩም። ይህ የኔ ጥፋት ነው። ሌላ አቤቱታ፣ ሌላ ትዕዛዝ፣ ሌላ ቀጠሮ። በመጨረሻ የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛ ባለበት በሩ ተከፈተ። ማህደሮቹን በማዳበሪያ ከረጢት አድርገን በደረጃ አወረድን። ጣሪያው ያፈስ ነበር። የአንዷ ልጅ ግሬድ ሪፖርት ከሌላው ጋር ተጣብቆ ቀለሙ ተላልፏል። ያቺ ልጅ አንድ ሴሚስተር ደግማ ተምራለች፤ ሳትወድቅ። እስከ ዛሬ ሳገኛት ፊቷን ማየት አፍራለሁ።

ስለዚህ ከማንኛውም ክስ በፊት ይህን አድርጊ። ሬጅስትራር ሄደሽ እስካሁን ያለውን ውጤትሽን የሚያሳይ ስቱደንት ኮፒ ማህተም አስመትተሽ ውሰጂ። የኮርሶቹን ዝርዝርና ክሬዲት፣ ከተቻለ ኮርስ አውትላይኑን ጭምር። መዛወር ከመጣ ተቀባዩ ኮሌጅ የሚጠይቅሽ ይህንን ነው፤ ግሬድ ብቻውን አይበቃም። ሎግቡክሽን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሺ። ያላስፈረምሽው ገጽ ካለ ፈራሚው ሐኪም ጋ ሂጂ። እሱ ከኮሌጁ ጋር አልተጣላም፤ የተጣሉት አለቆቹ ናቸው። ከዋርድ ውጭ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ በትህትና «ዶክተር፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እርስዎ ጋ ነበርኩ» ካልሽው አብዛኛው ይፈርማል። ጊዜ ከሄደ ግን ይረሳሻል፤ ወይ ይዛወራል፤ ወይ አገር ይለቃል።

ደረሰኝ። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ወረቀት በሙቀት የሚታተም ነው። ቦርሳ ውስጥ ሲከርም ነጭ ይሆናል። አንዲት እናት አንድ ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ይዘው መጥተው ግማሹ ባዶ ወረቀት ሆኖ አገኘነው። የአራት ዓመት ክፍያ። ዛሬውኑ ኮፒ አድርጊው፤ ኮፒው ላይ ቀኑ፣ የደረሰኝ ቁጥሩና መጠኑ መነበቡን አረጋግጪ። በባንክ የከፈልሽውን ደግሞ ባንኩ ስቴትመንት ይሰጥሻል።

ሌላም አለ፤ ሰዉ የማያስታውሰው። ሆስፒታሉ በር ላይ የተመለሳችሁባቸውን ቀናት ጻፉ። ማን መለሳችሁ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን አለ። ዘበኛውን አትጣሉት። ዝርዝር ተሰጥቶት ነው የቆመው፤ ዝርዝሩን ያዘጋጀው እሱ አይደለም። ነገ ምስክር የሚሆንላችሁም እሱ ነው።

ክፍያውን በተመለከተ ቁርጥ ያለ መልስ እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ሕግ ነው፤ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ቁጥር 1757 አንዱ ወገን ግዴታውን ሳይፈጽም ወይም ለመፈጸም ሳይዘጋጅ ሌላውን «ፈጽም» ሊለው አይችልም ይላል። ዋርድ ያላቀረበ ኮሌጅ የዋርድ ክፍያ መጠየቁ አስቸጋሪ ነው። ግን ዝም ብለሽ አትቅሪ። ዝም ያለ ተማሪ በኮሌጁ መዝገብ ላይ «ክፍያ ያልፈጸመ» ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ቁጥር 1772 ደግሞ ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት ይላል። ስለዚህ በጋራ ደብዳቤ ጻፉ። ክሊኒካል ትምህርቱ ከተቋረጠ ሰባት ሳምንት ሆኗል፤ ትምህርቱ ሲጀመር ለመክፈል ዝግጁ ነን፤ እስከዚያ ከመዝገብ ልንሰረዝ አይገባም። ይኸው ነው። ስድብ አያስፈልግም። ሪከርድ ክፍል «ገቢ» አስደርጉ፤ ቁጥርና ቀን ያለው ማህተም ኮፒያችሁ ላይ ይረፍ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ላኩት። ገንዘቡን ደግሞ አትብሉት። ለብቻው አስቀምጡት፤ «ዝግጁ ነን» ያለ ሰው ሲጠየቅ ማሳየት አለበት።

ይህን ብቻሽን አታድርጊው። 58 ሰው ሲፈርም ኮሌጁ መሰረዝ አይደፍርም፤ 58 ተማሪ የሰረዘ ፕሮግራም ፕሮግራም አይደለም። 4 ሰው ሲፈርም ግን አራቱን ሰርዞ ሌላውን ያስፈራራበታል። በቴሌግራም ግሩፓችሁ ውስጥ «እኔ የለሁበትም፣ አባቴ ዲኑን ያውቀዋል» የሚል እንደሚኖር አልጠራጠርም። ሁልጊዜ አለ። ተዉት፤ በኋላ ይመጣል። እግረ መንገዴን፣ በዚያ ግሩፕ ላይ ኮሌጁን «ሌባ» ምናምን እያላችሁ የምትጽፉትን አቁሙ። ስክሪንሾቱ ተነሥቶ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ አይቻለሁ። ከሳሽ ልትሆኑ ሄዳችሁ ተከሳሽ ሆናችሁ ትመለሳላችሁ።

እንክሰስ ላልሽው፣ ካሳ መጠየቂያ ጊዜ አላችሁ፤ ለውል የይርጋው (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደቡ) ጠቅላላ ደንብ 10 ዓመት ነው። ስለዚህ እሱ አያስቸኩልም። የሚያስቸኩለው በዚህ በተከፈተው መዝገብ ውስጥ ድምፅ ማግኘት ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 41 ጥቅሙ የሚነካ ሰው ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት በማንኛውም ጊዜ ጣልቃ ልግባ ብሎ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። 58ታችሁም መቆም የለባችሁም። በቁጥር 38 መሠረት ተመሳሳይ ጥቅም ያላችሁ ስለሆናችሁ፣ ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ ሁለት ሦስት ተወካይ ይበቃል። አቅም ለሌለው ደግሞ ከቁጥር 467 ጀምሮ የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል የሚከስበት መንገድ ተቀምጧል፤ ከቀበሌ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ሆስፒታሉ ምናልባት «ከእኔ ጋር ውል የላችሁም፣ የምን ጣልቃ መግባት» ይላችኋል። ባዶ ክርክር አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1952 ውል የሚያስረው ተዋዋዮቹን ብቻ ነው ይላል። ግን ያው ሕግ ቁጥር 1957 ላይ ለሦስተኛ ወገን ጥቅም ውል መግባት እንደሚቻል ይደነግጋል። የመግባቢያ ሰነዱን ፈልጊና «ሆስፒታሉ ለተማሪዎቹ ይህን ያሟላል» የሚል አንቀጽ ካለ አስምሪበት። በዚያ ላይ ነው የምትቆሙት። ሰነዱን ኮሌጁ ካልሰጣችሁ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል፤ ጣልቃ ስትገቡ ታገኙታላችሁ።

ምን ትጠይቁ? ትንሽ ነገር። ይህን ለመማር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። «ውሉ ይቀጥል» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የሁለቱን ጠብ ተሸከማችሁ፤ ዳኛውም ከዋናው ፍርድ ጋር አያለሁ ብሎ ያቆየዋል። ይልቅ ሆስፒታሉ እስካሁን የሠራችሁበትን ሳምንታት በማህተም ያረጋግጥ በሉ። ኮሌጁ የተማሪ መዝገብ ከካምፓሱ እንዳያወጣ፣ ቅጂውንም እንዲሰጣችሁ ይታዘዝ በሉ። ሮቴሽን (በአንድ የሕክምና ክፍል የሚሠራ የልምምድ ተራ) መሃል ላይ የተቋረጣችሁ የዚያችን ሮቴሽን ቀሪ ሳምንታት ብቻ ትጨርሱ በሉ። እነዚህ የማንንም ኪስ አይነኩም። ሁለቱም ወገኖች አጥብቀው የሚቃወሙበት ምክንያት ያጣሉ፤ ለዳኛውም በአንድ ቀጠሮ የሚያልቅ ነገር ነው። ፍርዱ እናንተ ሳታውቁ ከወጣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መሠረት ከመፈጸሙ በፊት መቃወሚያ ይቀርባል። ግን ያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ነው፤ እዚያ አትድረሱ።

ስለ ቦታው አንድ ነገር። ለገጣፎ ከ2015 ጀምሮ ሸገር ከተማ ውስጥ ነው፤ ኦሮሚያ ነው ማለት ነው። መዝገቡ የተከፈተው እዚያ ባለ ፍርድ ቤት ከሆነ የችሎቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ አቤቱታውም በዚያው ይጻፋል። የኮሌጁ ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ተመዝግቦ ጉዳዩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሄደ ደግሞ ሌላ ነው። ሳያጣሩ አዲስ አበባ ልደታ ያለው ፌዴራል ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው፣ ቀን አቃጥለው የተመለሱ አሉ። መጀመሪያ የመዝገብ ቁጥሩንና ችሎቱን እወቂ፤ ጠበቃም ስትመርጪ በዚያ ቋንቋ የሚከራከር ይሁን። ባለስልጣኑ ግን ፌዴራል ነው። ካምፓሱ ለገጣፎም ይሁን ሰበታ፣ እውቅናን በተመለከተ አቤት የምትሉት ለእሱ ነው።

እሱ ጋም ዛሬ ሂዱ፤ ፍርድ ቤቱን አትጠብቁ። ብዙ ተማሪ ለባለስልጣኑ ሲጽፍ «ኮሌጁ ይቀጣልን» ይላል። ኮሌጁ ቢቀጣ እናንተ ምን ታገኛላችሁ? ተዘግቶ ቁልፍ ይያዝበታል፤ ያንን ፊልም አይቼዋለሁ። «ፕሮግራሙ የመለማመጃ ሆስፒታል የሌለው ሆኗል፤ ጊዜያዊ ቦታ እንዲመቻችልን፣ ካልተቻለ በሥርዓት እንድንዛወር፣ የተማሪ መዝገባችንም እንዲጠበቅ» በሉ። ለጤና ሚኒስቴርና ለኦሮሚያ ጤና ቢሮ ግልባጭ አድርጉ። ባለስልጣኑ አልጋ የለውም፤ አልጋ ያለው ጤና ቢሮ ነው። ግልባጭ የምትለዋ ቃል ደብዳቤ ግርጌ ላይ ትንሽ ትመስላለች እንጂ የሚያንቀሳቅሰው እሷ ናት። መሥሪያ ቤቱ ሌላ መሥሪያ ቤት እያየው እንደሆነ ሲያውቅ ይፈጥናል። በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት የባለስልጣኑን ውሳኔ በፍርድ ቤት ማስከለስ ይቻላል፤ ጊዜው ግን አጭር ነውና መልስ በደረሳችሁ ሳምንት ጠበቃ አማክሩ። እንባ ጠባቂ ተቋምም በነፃ አቤቱታ ይቀበላል። የሚሰጠው ግን የመፍትሔ ሐሳብ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ እሱን እየጠበቃችሁ ሌላው ቀን እንዳያልፍባችሁ።

መዛወር የመጨረሻው አማራጭ ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ለአንቺ ምናልባት የተሻለው እሱ ነው፤ ሲ-ዋን ላይ ነሽና። ሲ-ቱ (ቀጣዩ ዓመት) ወይም ኢንተርን (የመጨረሻው ዓመት ልምምድ) ለደረሰ ሰው ይከብዳል፤ ተቀባዩ ኮሌጅ ወደ ኋላ ሊመልሰው ይፈልጋል። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ እዛወራለሁ ብለሽ ግን ጊዜ አታባክኚ፤ በሩ ጠባብ ነው። ወደ ሌላ የግል ኮሌጅ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቂ። የራሱ ሆስፒታል አለው ወይስ እሱም በውል ነው የሚሠራው? በውል ከሆነ ውሉ መቼ ያልቃል? ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ራውንድ ሰዓት ላይ ሄደሽ በአንድ አልጋ ዙሪያ ስንት ነጭ ጋውን እንደቆመ ቁጠሪ። ከኋላ ያሉት ተማሪዎች በጣት ጫፍ ቆመው አንገታቸውን ካሰገጉ እዚያ ሄደሽ ደግሞ ሌላ ጠብ ትጠብቂያለሽ። እናንተም ጋ ጠቡ የጀመረው በተማሪ ቁጥር ነው አላልሽኝም?

ሲያስተናግዱሽ «ያለፈውን እንቀበልሻለን» የሚለውን በቃል አትቀበዪ። የትኞቹ ኮርሶች፣ ከየትኛው ሮቴሽን እንደምትጀምሪ፣ በማህተም ይጻፍልሽ። ይህ በእጅሽ ሳይገባ ከድሮው ኮሌጅ ክሊራንስ (የመልቀቂያ ወረቀት) አትውሰጂ። ሁለት ዛፍ የወጣ እግሩ ይሰበራል፤ አንዱን ለቆ ሌላውን ያልያዘ ግን ጭራሽ መሬት ላይ ነው የሚገኘው። ክሊራንስ ስትጠይቂ ደግሞ ያልከፈልሽው የሚባለው ሂሳብ ይነሣል። ያንን የጋራ ደብዳቤ በማህተም ይዘሽ ከሆነ ቢያንስ የምትከራከሪበት ወረቀት አለሽ።

ቀጠሮው መቼ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ሰኞ ሬጅስትራር ስትሄጂ የመዝገብ ቁጥሩን ከኮሌጁ የሕግ ክፍል ጠይቂ። አንሰጥም ካሉሽ የኮሌጁን ሙሉ ስም ይዘሽ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሂጂ፤ በስም ፈልገው ያወጡልሻል። ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት በታች ከቀረው የጣልቃ ገብ አቤቱታውን ከደብዳቤዎቹ አስቀድሙት።